የሮኬቱ ካርቶን፦ ከቂርቆስ ቄራ፣ በካዛንቺስ ዞሮ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ቂርቆስ

የዛሬው መንገዴ ረጅም አይደለም። ከቤቴ ካዛንቺስ በታክሲ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋ። ለመነሳት ግን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቤተሰቡ ሳይነቃ ወጣሁ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ድምፅ ይሰማል። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች በአጥሩ ጥግ ጥግ ይሄዳሉ። ዳቦ ቤቱ ገና መከፈቱ ነው፤ ሰልፉ ግን መታጠፊያው ደርሷል። በትከሻዬ ሰፊ የሸራ ቦርሳ ይዣለሁ። ውስጡ በሁለት ስስ ኮምፔርሳቶ መሀል የተያዘ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ማጠፊያው ተፈትቶ የተዘረጋ አንድ የመጫወቻ ካርቶን አለ።

ይህን ብሎግ ዛሬ ገና ለምታገኙት ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ውጪ የድሮ የፕላስቲክ የጠፈር መጫወቻዎችን እሰበስባለሁ፦ ሮኬት፣ በባትሪ የሚሄድ የጨረቃ መኪና፣ ራሱ ላይ እንደ ብርጭቆ የጠራ ክዳን የደፋ ጠፈርተኛ። ሰው ዋናው መጫወቻው ይመስለዋል። ሰብሳቢን የሚያንከራትተው ግን ካርቶኑ ነው። ፕላስቲክ ከአልጋ ሥርም፣ ከቆጥ ላይም አንድ ቀን ይገኛል። ካርቶን በተገዛበት ቀን ይቀደዳል፤ በማግስቱ ከሰል ይቀጣጠልበታል።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ካርቶን የእኔ አይደለም። ለሳምንት ብዬ የተዋስኩት ነው።

አንድ ሰዓት፤ ለገሃር

ለባቡሩ ተብሎ መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ሚኒባሶቹ በየት እንደሚዞሩ ራሳቸው ሾፌሮቹም የሚያውቁት አይመስለኝም። የእኛው በአንድ የሲሚንቶ ቱቦና በአንድ የአፈር ቁልል መሀል ገብቶ ቆመ። ሁለት ብር ከፍለን አቧራ እንጠጣለን።

«ባቡሩ ሲጀምር እኛ ምን እንበላ ይሆን?» አለ ሾፌሩ፣ ለማንም ሳይሆን።

«የቆየውን ባቡር ያየ በአዲሱ አይሰጋም፤» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «እሱም ሲመጣ ሁሉንም ሊያደርስ ነበር።»

የድሮው ጣቢያ በመስኮቱ በኩል ይታየኛል። አባቴ እዚያ ነበር የሚሠራው፤ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ከጅቡቲ የተሻገረ ዕቃ ሁሉ ይመጣ ነበር፦ ሽቶ፣ ቴምር፣ ኩኪስ፣ አንዳንዴም መጫወቻ። የመጀመሪያውን ሮኬቴን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ያመጣልኝ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የነበረው ሥዕል ከሮኬቱ ይበልጥ ነበር፤ ሰማዩ ጥቁር፣ እሳቱ ብርቱካን። ወንድሜና እኔ ለመክፈት ስንጣደፍ ቀደድነው። እናታችን ቁራጮቹን ሰብስባ ማታ ምድጃ ለኮሰችበት። ያን ጊዜ ማንኛችንም አላዘንንም። አዋቂ ሆኜ መሰብሰብ ስጀምር ነው ያ ጥቁር ሰማይ የናፈቀኝ።

ወረድኩና በእግሬ ተሻገርኩ። ከወዲያ ማዶ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ወደ ካዛንቺስ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ካዛንቺስ

ከትናንት በስቲያ ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት በዚህ ሲያልፍ በመስኮት ዞር ብል፣ የጋሽ ታደለ ቤት የነበረበት ሰፈር የለም። የዛገ ቆርቆሮ ታጥሮበታል፤ ከቆርቆሮው በላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ጠበቅኩ።

ጋሽ ታደለ ሠዓሊ ናቸው፤ የማስታወቂያ ሠዓሊ። ድሮ የካዛንቺስ ቡና ቤት ሁሉ በራፉ ላይ የእሳቸው ብሩሽ ነበረበት። እኔን ከእሳቸው ቤት ያደረሰኝ አንድ አስቀያሚ ሮኬት ነው። በደርግ ጊዜ ቄራ አካባቢ ሳፋና ጆግ የሚያመርት አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ቤት ነበር። በተረፈው ፕላስቲክ አንድ ሰሞን ሮኬት ሠርተው ሸጡ። ገላው እንደ ሳፋ አረንጓዴ፣ ክንፉ እንደ ጆግ ሮዝ። ስብስቤ ውስጥ አገር ውስጥ የተሠራው እሱ ብቻ ነው። ካርቶኑን ማን እንደሣለው ስጠይቅ ስጠይቅ ጋሽ ታደለ ዘንድ ደረስኩ።

ከፍራሻቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። ከዚያ ሁሉ ካርቶን የቀረቻቸው አንዷ ነበረች። ጠፈርተኛው ጎፈሬ ነው፤ ጎፈሬው የራስ ቁሩን ሞልቶታል። ከበላዩ በትልቁ «ወደ ጨረቃ» ተጽፏል። ጨረቃዋ ላይ አንዲት የሣር ቤት አለች።

«ይቺን ማንም አላዘዘኝም፤» ብለውኝ ነበር ቤቷን በጣታቸው እየነኩ። «ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ የት ያርፋል ብዬ ነው።»

በታችኛው ጥግ፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደሎች «ሥዕል፦ ታደለ» ይላል። ከሠሩት ሁሉ ስማቸው ያለበት እሱ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ማስታወቂያ ላይ ስም አይጻፍም፤ ባለቤቱ ሲለወጥም ይቀባበታል። ኮፒ ላስነሳበት ብዬ ለመንኳቸው። «ለሳምንት» አልኩ። በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ኮፒ ቤቱ መብራት አልነበረውም። ሁለተኛው ሳምንት እኔ አመመኝ። በሦስተኛው ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ ከፍ አድርጌ ሮኬቱን ከፊቱ አቆምኩት። ካየሁት በኋላ ማንሳት አቃተኝ። ከዚያ ስልኬን ስቀይር ቁጥራቸው ጠፋብኝ። ከዚያ መሄድ አሳፈረኝ። በቃ፣ እንደዚህ ነው ሦስት ዓመት የሚያልፈው።

ከቆርቆሮው አጥር ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ተርፋለች። ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ በሳቸው ሻይና አምባሻ ቁርሴን እየበላሁ ጠየቅኳቸው።

«ታደለ? እሱማ ቀድሞ ነው የወጣው፤ ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል። ያን ክረምት ታሞ ነበር፣ ግማሽ ጎኑን ይዞት። ተሽሎት ከሆስፒታል ሲወጣ ልጁ ዕቃውን ጠቅላ ሰንጋ ተራ ወሰደችው።»

«ሠናይት የሚሏት ልጃቸው?»

«እሷው። ግን...» ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሂጂና ከራሷ ስሚ። እኔ የሰው ቤት አላወራም።»

አራት ሰዓት፤ ሰንጋ ተራ

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ልብስ ተሰጥቶ በየፎቁ ይውለበለባል። ወይዘሮ አስካለ የነገሩኝ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ሠናይትን ከዚህ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበረች። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ የሆቴል ገንዘብ ያዥ ናት። በአንድ እጇ ዓመት ያልሞላት ሕፃን አቅፋ በሩን ከፈተች።

«አባትሽን ፈልጌ ነው። ስለ ድሮ ሥዕሎቻቸው ልጠይቃቸው።»

«ይግቡ። እሱ ግን እዚህ አይደለም፤» አለችኝ።

ሻይ አፈላችልኝ። ሕፃኗን ጭኗ ላይ እያስተካከለች፣ የት እንዳለ ከመንገሯ በፊት ለምን እንደሌለ ነገረችኝ። ጠይቄያት አይደለም። ለማያውቁት ሰው መንገር የሚቀል ነገር አለ።

«ከካዛንቺስ ስንወጣ ዕቃውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ማለቴ እሱ ገና መቆም አይችልም ነበር። ፍራሹ ሥር አይጥ የበላው ወረቀት ነበር፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ምናምን፤ ግቢ አውጥቼ አቃጠልኩት። እዚህ ከገባን በኋላ አንድ ካርቶን ጠየቀኝ። ሮኬት የተሣለበት፣ ስሙ ያለበት። ፈልገን ፈልገን የለም።»

ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር።

«ዕድሜዬን አቃጠልሽው አለኝ። እኔ ደግሞ ደክሞኝ ነበር፤ ለአንድ ካርቶን ነው እንዲህ የምትሆነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄ። እኔም አቃጥዬው ይሆናል ብዬ አምኛለሁ፤ እሳቱ ውስጥ ያየሁት ሁሉ ይመስለኛል። አልሰማኝም። ልብሱን ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ምግብ ስልክለት ሳህኑን እንዳለ ይመልሰዋል። ይቺንም አያውቃትም።»

ሕፃኗ የሻይ ማንኪያውን ጣለች። አንስቼ ሰጠኋት።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ቦርሳውን ከፍቼ «ይኸው» ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን ሻዬን ጨርሼ «እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ» አልኳት። ብዙ ነገር እጽፋለሁ፤ ስለዚያች ደቂቃ የምጽፈው ግን ይኸው ብቻ ነው።

አድራሻውን ነገረችኝ፦ ቄራ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣ የሠዓሊው ቤት ብለው ይጠይቁ። ስልክ ተለዋውጠን ደረጃው ላይ ከደረስኩ በኋላ ጠራችኝ።

«እባክዎ፣ ካዩት በኋላ ይደውሉልኝ። ጤናው እንዴት እንደሆነ ብቻ።»

ስድስት ሰዓት፤ ቄራ

ሰንጋ ተራ መንገድ ዳር አንዲት አሮጌ ላዳ ኮንትራት ያዝኩ። ሾፌሩ ከግራር ሥር ተኝቶ ነበር፤ ሰማንያ ብር አለኝ፣ ስልሳ ብዬ ተስማማን። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም። ወደ ቄራ ስንወርድ ሽታው ቀድሞን መጣ። ቅዳሜ ስለሆነ ሥጋ ቤቶቹ ሞልተዋል፤ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች በቢላ ጀርባ ጠረጴዛ ይመታሉ፤ ደንበኛ ይጠራሉ።

ቤቱን ሳገኘው ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያች በር እስከ እኔ በር በእግር ሩብ ሰዓት ነው። በዚህ መንገድ ለፋሲካ ሥጋ ልገዛ መጥቻለሁ። ሁለት ዓመት ገደማ ሰውየው ጎረቤቴ ነበሩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከስተዋል፤ ግራ እጃቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳ ሥር የተደረደረ የቀለም ቆርቆሮ። አላወቁኝም።

«ማስታወቂያ ከሆነ ትቻለሁ፤ ዛሬ ሁሉም በባነር ነው የሚያሠራው፤» አሉኝ።

ኮምፔርሳቶውን አልጋው ላይ አድርጌ ላስቲኩን ፈታሁ።

ጋሽ ታደለ መጀመሪያ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸው የሣር ቤቷ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ጥጉ ወረደ።

«ይህን ማን ሰጠሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ታደለ።»

«እኔ?»

«ከመታመምዎ በፊት። ካዛንቺስ ቤትዎ መጥቼ፣ ኮፒ ላስነሳ ብዬ። ለሳምንት ብዬ ወሰድኩት።»

«ለሳምንት፤» አሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ያ ክረምት ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ሆስፒታል የገባሁበትን ቀን እንኳ ሰው ነው የነገረኝ። አንቺንም አላስታውስሽም።»

ይቅርታ አልኩ፤ ቃሉ ለዚያ ክፍል እንኳ ያነሰ ነበር።

«ሠናይት ታውቃለች?»

«አሁን ከእሷ ዘንድ ነው የመጣሁት። ሁሉንም ነገረችኝ። እኔ አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመስማማት ይሁን ለመገረም አልገባኝም። «እኔም ቁጣው ዓመት ሳይሞላ ነው የለቀቀኝ፤» አሉ። «ለካርቶን ብዬ ልጄን አስለቅሼ ወጥቼ፣ በምን ፊቴ ልመለስ? ሳህኑን የምመልሰው ተቆጥቼ ይመስላታል። ብበላው ማልቀሴ ነው።»

ከዚያ ተነሱ። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ቡናማ ኮታቸውን ለበሱ። ግራ እጃቸውን ወደ እጅጌው እንዳስገባላቸው ዘረጉልኝ።

ስምንት ሰዓት፤ እንደገና ሰንጋ ተራ

ላዳዋ ከሥጋ ቤቱ በር አልሄደችም ነበር፤ ሾፌሩ ምሳውን እየበላ ነው። ጋሽ ታደለ ከፊት ተቀመጡ፤ ካርቶኑን በጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«አባባ፣ ለልጅ ልጅ መጫወቻ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«የልጅ ልጅ የለኝም፤» አሉ።

ከኋላ ሆኜ «አለዎት» አልኳቸው። «ሴት ናት። ዓመት አልሞላትም።»

ዞር አላሉም። የጆሯቸው ጫፍ ሲቀላ አየሁት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰው።

ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም። ጋሽ ታደለ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እግራቸውን አነሱና መልሰው አወረዱ። ጉልበታቸው አይችልም። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ውጪና ንገሪያት። እኔ ብናገር ለራሴ ሳደላ እገኛለሁ።»

አራቱን ፎቅ እንደገና ወጣሁ። ሠናይት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ደነገጠች።

«አመመው እንዴ?»

«ደህና ናቸው። ካርቶኑ እኔ ዘንድ ነበር፣ ሠናይት። አላቃጠልሽውም። ሳይታመሙ በፊት ለሳምንት ተውሼ ሦስት ዓመት አስቀመጥኩት።»

ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ጧት እዚህ ስትቀመጪ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገሯን ሰማሁት። ተገቢዬ ነበር።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ሳወራልሽ?»

«አዎ።»

«እግሩ ላይ ወድቄያለሁ ስልሽ።»

«አዎ።»

«አባቴ የት ነው?»

«ታች ናቸው። ደረጃው አቅቷቸው።»

ጫማ አላደረገችም። ልጇን እንደታቀፈች በአጠገቤ አልፋ ወረደች። እኔ ላይ ቀረሁ፤ መከተሉ የእኔ ቦታ አልመሰለኝም። ከታች የእሷ ድምፅ፣ ከዚያ የእሳቸው ተሰማኝ።

ስወርድ ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ሆና መነጽራቸውን ትጎትታለች። ሠናይት ከጎናቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ስሟን ማን አላችኋት?»

«ብሩክታዊት።»

«የክርስትና ስሟስ?»

«ወለተ ሥላሴ።»

ስሙን ለራሳቸው ደገሙት። «ክርስትናዋን ሰምቼ ነበር፤ አስካለ ነገረችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መጣሁ፣ ሠናይት። ነጭ ለብሰሽ ስትገቢ አየሁሽ። ተመለስኩ።» ላዳው ውስጥ «የለኝም» ያሉት አፍረው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሠናይት ግንባሯን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

ካርቶኑ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። አንስቼ አቀረብኩላት። አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«እኔ ቤት አይገባም፤» አለች፣ በቀስታ።

«እኔም አልፈልገውም፤» አሉ ጋሽ ታደለ። «ስሜን አየሁት፣ ይበቃኛል። ቤት ውስጥ ካለ ዘወትር እሱን ነው የምናስበው። አንቺ ውሰጂው።»

አልወስድም አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ቢያንስ በዚያች ሰዓት እውነቴን ነበር።

«ውሰጂው፤» አለችኝ ሠናይት። «ስትፈልጊው የኖርሽው አይደል?» በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። ሌላ ቀን ግን አትምጪ። ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል፤ እስከዚያ ባላይሽ።»

ተነሱ። ጋሽ ታደለ በቀኝ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ልጃቸው በግራ በኩል ደግፋቸው፣ አንድ አንድ እርምጃ ይወጡ ጀመር። በእያንዳንዱ ፎቅ ይቆማሉ፤ ያርፋሉ፤ ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ ታች ታየኛለች። አራተኛው ፎቅ ላይ በር ሲዘጋ እስክሰማ ቆየሁ።

አሥር ሰዓት፤ ቂርቆስ

ላዳውን ሰደድኩና በእግሬ ተመለስኩ። ደመናው ወርዷል፤ ጥቂት ካፊያ ጣለ። ካርቶኑን ከሹራቤ ሥር አስገብቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። እንዳይረጥብ እየተጠነቀቅኩ በራሴ አዘንኩ፤ ሆኖም መጠንቀቄን አልተውኩም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠየቀኝ። «ባለቤቱን አገኘሻቸው?»

«አገኘኋቸው።»

«ታዲያ ለምን ይዘሽው ተመለስሽ?»

ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ያስቀመጠልኝን ምሳ አቀረበልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ወር አልፏል። ወይዘሮ አስካለን አልፎ አልፎ ሻይ ልጠጣ ስሄድ አገኛቸዋለሁ፤ ጋሽ ታደለ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ፣ ጉልበታቸው ስለማይችል ከፎቅ እንደማይወርዱ፣ ሕፃኗ እርምጃ የጀመረችው እሳቸው እጅ ላይ እንደሆነ ነግረውኛል። ሠናይት አልደወለችም። እኔም አልሄድኩም።

ካርቶኑን እንደ ቀድሞ ቅርጹ አጥፌ አቆምኩት፤ አረንጓዴውን ሮኬት ከነሮዝ ክንፉ ውስጡ ከተትኩት። ልክ ገባ። ከሰበሰብኩት ሁሉ ከነካርቶኑ ሙሉ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች ቤቴ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው፤ «ከየት አገኘሽው?» ይሉኛል።

«ተውሼ አልመለስኩትም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ የምቀልድ ይመስላቸዋል።